ያረጀ አውሮፕላን በማን በማን እጅ አለፈ? ከፎቶግራፍና ከቁራጭ ላሜራ ተነሥቶ ታሪኩን የማጥናት መመሪያ

ከኋላ ጭራው መሬት ላይ ያረፈ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ የቀሰረ ብርማ አውሮፕላን፤ ከፊት ነጭ ጋቢ የደረቡ አባት፣ አጠገባቸው ኮት የለበሰ ልጅ። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ወይም ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ቤት ሣጥን ቢወጣ የሰዎቹን ስም የሚያውቅ ዘመድ አይጠፋም። አውሮፕላኑን ግን ማንም አይጠይቅም። እርሱም የተሠራበት ቀን፣ ያገለገላቸው ባለቤቶች፣ የተሸጠበትና የተለወጠበት ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ ከአንድ ፎቶግራፍ ወይም ከግቢ ከተገኘ ቁራጭ ላሜራ ተነሥቶ መከተል ይቻላል።

ምሳሌያችን በአብዛኛው ዲሲ-3 እና የጦር ወንድሙ ሲ-47 ነው፤ ዳኮታ የሚባለውም እርሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብልዩኤ እገዛ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር የተጠቀመው ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47ዎችን ነበር። ስለዚህ እነዚያ አውሮፕላኖች ገና የአገራችንን ሰማይ ሳያዩ አንድ ባለቤት ነበራቸው ማለት ነው፤ የአሜሪካ ጦር።

የዓለም ስምና የክርስትና ስም

አውሮፕላንን እንደ ተጠመቀ ሰው አስቡት። የዓለም ስሙ በጭራውና በክንፉ ላይ በትልልቅ የላቲን ፊደል የሚጻፈው የምዝገባ ምልክት ነው። አገር ሲለውጥ ይህ ስም ይለወጣል። የክርስትና ስሙ ደግሞ ፋብሪካው ሲሠራው የሰጠው ተከታታይ ቁጥር ነው። ቀለሙ ቢቀየር፣ ሞተሩ ቢወልቅ፣ ክንፉ በሌላ ቢተካ፣ ዐሥር ባለቤት ቢፈራረቅበት ያ ቁጥር ያው ነው። ያገኛችሁትን ማስረጃ ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ስቀሉ። የምዝገባ ምልክትን ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው አንዱን አውሮፕላን ሦስት አድርጎ ይቆጥራል፤ የተሰረዘ ምልክት ለሌላ አውሮፕላን ሊሰጥ ስለሚችልም ሁለቱን አንድ ያደርጋል። ከስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው።

በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሲ-47 ሌላም ቁጥር አለው፤ የጦር ቁጥር። ለምሳሌ 42-92847። የፊተኛው 42 አውሮፕላኑ የታዘዘበት የበጀት ዓመት ነው እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ይህን ማምታታት የተለመደ ነው። ጭራው ላይ ሲጻፍ ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያ አኃዝና ሰረዙ ይቀራሉ፤ 42-92847 የነበረው 292847 ሆኖ ይታያል። በፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ካያችሁ ከፊቱ 4 ጨምሩ፣ ከሁለተኛው አኃዝ በኋላ ሰረዝ አድርጉ።

ይህን ቁጥር ያነሣነው በምክንያት ነው። 42-92847 ማለት በ1936 ዓ.ም. በኖርማንዲ ወረራ ዋናውን የፓራሹት ጦር የመራው፣ «ዛትስ ኦል ብራዘር» የተባለው ሲ-47 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማንነቱ ተረሳ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን አንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሞተሩ ወደ ተርባይን ሊለወጥ ተራ እየጠበቀ ሳለ በቁጥሩ ታወቀ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ለመታሰቢያነት ተገዝቶ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደገና በረረ። ያዳነው ቁጥሩ ነው።

ዲሲ-3ንና ሲ-47ን በሠራው በዳግላስ ፋብሪካ ቁጥር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኦክላሆማ ሲቲ የተሠሩ ብዙ ሲ-47ዎች ሁለት የፋብሪካ ቁጥር አላቸው፤ በመዝገብ ላይ በእዝባር ተለያይተው ይጻፋሉ። ሁለቱም የአንድ አውሮፕላን ናቸው፤ ሁለት አውሮፕላን እንዳታደርጓቸው። ከዓይነቱ ስም ኋላ የሚመጡት ሁለት ፊደላት ፋብሪካውን ይናገራሉ፤ ዲኤል ከሆነ ሎንግ ቢች፣ ዲኬ ከሆነ ኦክላሆማ ሲቲ ነው።

ፎቶግራፉን ማንበብ

መጀመሪያ ፎቶውን ሳታጸዱ፣ ከአልበሙም በኃይል ሳትገነጥሉ ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ትንሽ ፎቶ ከሆነ በ1200፣ ትልቅ ከሆነ በ600 ዲፒአይ። የጀርባው ማኅተምና በእጅ የተጻፈው ማስታወሻ ከፊቱ እኩል ዋጋ አለው። ላሚኔት ማድረግ ክልክል ነው፤ ሙቀቱ ፎቶውን ያበላሻል፣ አንዴ ከተለጠፈም አይላቀቅም። ጣና አጠገብ ያለ ቤት እርጥበቱ ስለሚከብድ ፎቶውን በወረቀት ፖስታ እንጂ በፕላስቲክ አታሽጉት።

ቀጥሎ ፎቶው የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። ፊልሙ በጀርባው ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል። ፊደል የሚነበብ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ፊደል ከሌለ የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ እዩ፤ ቁልፉ የሚተከለው በለባሹ ቀኝ በኩል ነው። የሲ-47 ሰፊ የጭነት በርም በግራ፣ ከክንፉ ኋላ ነው። በሩ በቀኝ ከታየ ወይ ፎቶው ተገልብጧል፣ ወይ አውሮፕላኑ ሌላ ነው። ሶቪየቶች በፈቃድ የሠሩት ሊ-2 ለምሳሌ የመንገደኛ በሩ በቀኝ ነው።

ዓይነቱን ለመለየት አቋቋሙን ተመልከቱ። ዲሲ-3 በጭራ ጎማው ላይ ስለሚቀመጥ አፍንጫው ወደ ላይ ነው። ክንፉ ከታች ነው፤ የክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ የኋላው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ሞተር ኖሮት በአፍንጫ ጎማ አግድም ሆኖ ከቆመ የአየር መንገዱ ኮንቬር ሊሆን ይችላል። ክንፉ ከላይ ከሆነ ትዊን ኦተርን ወይም ኤቲአርን አስቡ። ከአብራሪዎቹ ክፍል ጀርባ ጣሪያው ላይ የመስታወት ጉብታ ከታየ፣ ኮከብ አይቶ አቅጣጫ ለማወቅ የተሠራ የጦር ዘመን ምልክት ነውና ሲ-47 የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ጉብታው ባይኖርም ሲ-47 አይደለም አይባልም፤ ብዙዎቹ ኋላ ተደፍነዋል።

ልክ ማውጣት ካስፈለገ ፎቶው ውስጥ ልኩ የታወቀ ነገር ፈልጉ። የዲሲ-3 የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር፣ ፕሮፔለሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.5 ሜትር ገደማ፣ ዋናው ጎማ ደግሞ 17.00-16 የሚባለው፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው።

የምዝገባ ምልክቱ ከተነበበ በላቲን ፊደሉ እንዳለ ገልብጡት። በእኛ ፊደል ከተጻፈ ቢ፣ ቪ እና ፒ ሲነገሩም ሲገለበጡም ይምታታሉ። የኢትዮጵያ መለያ ኢቲ ነው፤ በቀደመው ዘመን ከእርሱ ቀጥሎ ቲ እና ቁጥር ይመጣ ነበር፣ ለምሳሌ ኢቲ-ቲ-1፤ ኋላ ላይ በሦስት ፊደላት ተተካ። ስለዚህ በቁጥር የሚያልቅ ምልክት ያለው ፎቶ ከሌላው የቀደመ ነው። የአሜሪካ መለያ ኤን፣ የእንግሊዝ ጂ፣ የሱዳን ኤስቲ፣ የኬንያ 5ዋይ ነው። አንድ ፊደል ካልተነበበ ግምታችሁን አታስገቡ፤ ቦታውን በነጥብ ተዉት።

ቀንና ሰዓት

በጎጃም የተጻፈ ማስታወሻ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፕላን መዝገብ በፈረንጁ። ከጥር እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ደምሩ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7። የታኅሣሥ የመጨረሻው ሳምንት ግን በፈረንጁ አዲሱ ዓመት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ቁጠሩት። «1955» ብቻ የሚል ማስታወሻ አንድ የፈረንጅ ዓመት አይደለም፤ ከመስከረም 1962 እስከ መስከረም 1963 ነው፤ ሁለቱንም ጻፉ። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚለውን ምልክት ከቁጥሩ አትለዩ። ይህ ቸል ሲባል አውሮፕላኑ ከመሸጡ ሰባት ዓመት በፊት የተሸጠ ይመስላል።

የበረራ መዝገብ ሰዓት ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ነው። ለቀን በረራ አቋራጩ ቀላል ነው፤ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሣ ከተባለ መዝገቡ ላይ 5:00 ይላል። የሰው ቃልና መዝገቡ ሳይስማሙ ከቀሩ ማንንም ተሳስተዋል ከማለታችሁ በፊት ይህን ስሌት አድርጉ።

ዓመቱን የማያስታውስ ሰው ወቅቱን ያስታውሳል። የጎጃምን ዘመን የሚያስሩ ችካሎች እነሆ፦ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡበት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተከፈተበት 1955፤ የገበሬው የግብር አመፅ የተነሣበት 1960፤ ደርግ የመጣበት ጊዜ። «ከአመፁ በፊት ነው በኋላ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በትክክል የመመለስ ዕድሉ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ከተባለው ይበልጣል።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ

በአውሮፕላን የሄዱ፣ ዕቃ የጫኑ፣ ሜዳውን የጠበቁ አባቶችና እናቶች ቃል ትልቅ ማስረጃ ነው፤ አጠያየቁ ካልተበላሸ። «ዳኮታ ነበር አይደል?» ያለ ሰው «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ያ መልስ ግን የጠያቂው ነው። ይልቅ አካላቸው የሚያስታውሰውን ጠይቁ፦ «አባባ፣ ከበሩ እስከ መቀመጫዎ ድረስ እንዴት ሄዱ?» ዲሲ-3 መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ለሚገባበት ሰው ወለሉ ወደ ፊት ዳገት ነው፤ «ሽቅብ ወጣን፣ ወንበሩን እየያዝን» ካሉ የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን ነው። «እማማ፣ ፊትዎ ወደ ማን ነበር?» ወደ አብራሪው ከሆነ የመንገደኛ ወንበር ነው፤ «ከሌላው መንገደኛ ጋር ፊት ለፊት፣ መሐላችን ጆንያ» ካሉ በግድግዳው ላይ የተዘረጋ የጦር ዘመን አግዳሚ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሲ-47ዎች እንደዚያ ነበሩ።

ጊዜውንም መርምሩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በአየር 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲሲ-3 በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ወደ ባሕር ዳር በቀጥታ አንድ ሰዓት ከሃያ ያህል። «ሦስት ሰዓት በረርን» የሚል ቃል ውሸት አይደለም፤ መንገድ ላይ ሌላ ቦታ አርፏል ማለት ሊሆን ይችላል። «የት የት ዐረፋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«አውሮፕላኑ ሁልጊዜ በማለዳ ነበር፤ ከረፈደ ዕቃ ይቀነሳል» የሚል ቃል ካገኛችሁ ከልብ ያዙት፤ ስሌቱ ይደግፈዋል። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ በዚያ ከፍታ አየሩ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ አየሩ 36 ሜትር ከፍ ያለ ያህል ይሳሳል። ማለዳ 10 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 11 ነው፤ 11 በ36 ሲባዛ 396። ለአውሮፕላኑ ሜዳው 2,842 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው። ከሰዓት 22 ዲግሪ ሲደርስ 23 በ36 ይሆናል፤ 828። ሜዳው 3,274 ሜትር ሆነ። የሲ-47 ሞተር፣ አር-1830-92 የሚባለው፣ የማያቋርጥ ሙሉ ጉልበቱን፣ 1,050 የፈረስ ጉልበት፣ እስከ 2,286 ሜትር ድረስ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ደብረ ማርቆስ ገና በማለዳውም ከዚያ በላይ ናት። ጎማው መሬት ለመልቀቅ የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል፤ ስለዚህ ወይ ሰው ወይ ጭነት ይቀራል።

ቁራጭ ብረት ሲገኝ

ከሁሉ በፊት ደኅንነት። ከጣሊያን ዘመን የወደቀ የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ባለበት ቦታ ቦምብም ጥይትም ሊኖር ይችላል። አትንኩ፣ አትቆፍሩ፣ ለፖሊስ አስታውቁ። የሰው አፅም ከታየም እንዲሁ። መርፌው በጨለማ የሚያበራ አሮጌ ጌጅ ከተገኘ መስታወቱን አትክፈቱ፤ በዚያ ዘመን ቀለሙ ራዲየም ነበር፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ አይነቀልም። ከላሜራው ውስጠኛ ገጽ የሚታየው ቢጫና አረንጓዴ የዝገት መከላከያ ቀለም ዚንክ ክሮሜት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ መርዝ መተንፈስ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አቧራውን አንሡ።

ሌላው ምክንያት ቀለሙ ራሱ ማስረጃ መሆኑ ነው። ላሜራውን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ የውስጡን ገጽ እዩ። በቀለሙ ሥር በሰያፍ ወይም በረድፍ የታተመ የቀለም ጽሑፍ ይታይ ይሆናል፤ «አልክላድ 24 ኤስ-ቲ» የሚል። ይህ የአሜሪካ የአሉሚኒየም ቅይጥ የድሮ ስም ነው፤ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ ወደ 2024 ተለውጧል። ድሮውን ስም የያዘ ላሜራ ከዚያ በፊት የወጣ ነው። አንድ ጊዜ በሽቦ የታሸ ላሜራ ይህን ጽሑፍ ለዘላለም ያጣል፤ ብዙ ቁራጭ የሚጠፋው በቆራሌው እጅ ሳይሆን አሳምሬ አጸዳለሁ ባለ ሰው እጅ ነው።

ሪቬቱን፣ ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዘውን ምስማር፣ ቀጥላችሁ ተመልከቱ፤ ማጉያ መነጽር ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል። በራሱ መሐል ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ካለ የአሜሪካ ደረጃ ኤዲ የሚባለው ሪቬት ነው። ወደ ላይ የወጣ አንድ ጉብታ ካለ ዲ፣ ሁለት ጎን ለጎን የወጡ ሰረዞች ካሉ ዲዲ። የግንዱን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። 2.4፣ 3.2 ወይም 4.0 ሚሊ ሜትር ከመጣ በኢንች የተሠራ ነው፤ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ። ድፍን ሚሊ ሜትር፣ 3 ወይም 4፣ ተደጋግሞ ከመጣ ጣሊያንን ወይም ጀርመንን አስቡ። 4ቱ ለሁለቱም ስለሚሆን በእርሱ ብቻ አትፍረዱ። ከአንድ ቁራጭ ቢያንስ ዐሥር ሪቬት ለኩ፤ በጥገና ጊዜ የተተካ አንድ ሪቬት ሊያሳስት ይችላል።

በጎጃም ምድር የተገኘ ስብርባሪ ሁሉ ዳኮታ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒዎች በአገራችን ላይ ብዙ በርረዋል፤ አካላቸው በተበየደ የብረት ቱቦ የተዋቀረ፣ በላዩ ጨርቅና ላሜራ የለበሰ ነበር። ከሱዳን እየተነሡ ዳንግላን ከደበደቡት የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ዘመን ደግሞ ዌልስሊ የሚባለው አለ፤ አጥንቱ እንደ ሰፌድ ስፌት ተሰናስሎ የተጠላለፈ፣ ጨርቅ የለበሰ ነው። በቱቦ ብየዳ፣ በተጠላለፈ አጥንትና በሪቬት በተያያዘ ላሜራ መካከል ያለው ልዩነት ከሩቅ ይታያል።

ሲሊንደር ከተገኘ የውስጡን አፍ ስፋት ለኩ። 140 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ የሲ-47ቱ ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830 ነው፤ 14 ሲሊንደር በሁለት ረድፍ። 156 ያህል ከሆነ ባለ 9 ሲሊንደሩ ራይት ሳይክሎን፤ አንዳንድ የሲቪል ዲሲ-3ዎች በእርሱ ይበሩ ነበር። 146 ከሆነ ግን ቆም በሉ። ይህ የእንግሊዙ ፔጋሰስ ስፋት ነው፤ ዌልስሊን የሚያበረው እርሱ ነው። ጣሊያኖቹም ያንኑ ሞተር መነሻ አድርገው አልፋ ሮሜዮ 126ን ሠርተዋል። ስለዚህ 146 ሁለቱ ጠላቶች የሚጋሩት ልክ ነው፤ ሌላ ምልክት ሳታገኙ አትወስኑ።

የብረት ሰሌዳ ከተገኘ በእጅጉ ተጠንቀቁ። አውሮፕላን ውስጥ በርካታ ሰሌዳ አለ፤ የሞተሩ፣ የፕሮፔለሩ፣ የፓምፑ፣ የጎማው። የእያንዳንዱ ቁጥር የዚያ ዕቃ ቁጥር ነው እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም። ሞተር በሥራ ዘመኑ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው አውሮፕላን ይዞራል። የአውሮፕላኑን ማንነት የሚናገረው የፋብሪካው ስም፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ተከታታይ ቁጥር አብረው የተቀረጹበት ሰሌዳ ነው፤ በሙሉ አውሮፕላን ላይ በበሩ ዙሪያና ወደ አብራሪዎቹ በሚወስደው መተላለፊያ ፈልጉት። ሰሌዳውን ነቅላችሁ አትውሰዱ። ከቦታው የተነቀለ ሰሌዳ ማስረጃነቱ ይወድቃል፤ ከተሰባበረ አውሮፕላን ተነቅሎ ሌላው ላይ የተመታ ሰሌዳ ስንትና ስንት ታሪክ አበላሽቷል። በቦታው እንዳለ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ብርሃኑን ከጎን አብርታችሁ አንሡት። ፊደሉ ከደበዘዘ ቀጭን ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ ጎን ቀስ እያላችሁ ፍተጉ፤ ቁጥሩ ይወጣል።

በመሬት ውስጥም ሆነ በድንገት የተገኘ የታሪክ ዕቃ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሥር ሊወድቅ ስለሚችል ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቃችሁ ደረሰኝ ያዙ።

የባለቤቶቹን ሰንሰለት ማሰር

አሁን ለአንድ አውሮፕላን አንድ ካርድ አዘጋጁ። ራስጌው ላይ የፋብሪካ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ፤ ገና ካልተገኘ «ያልታወቀ፣ ጊዜያዊ ቁጥር 1» በሉ። ከሥሩ ለእያንዳንዱ ዘመን አንድ መስመር፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምልክቱ፣ ባለቤቱ፣ የሚያበረው፣ ምን ሥራ፣ ማስረጃው፣ የእርግጠኝነቱ ደረጃ። ደረጃውን በሦስት ክፈሉት፤ «ሀ» በኦፊሴል መዝገብ ወይም በሚነበብ ፎቶ የተረጋገጠ፣ «ለ» ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች የተስማሙበት፣ «ሐ» አንድ ሰው ብቻ ያለው። «ሐ»ን ሰርዛችሁ «ሀ» የምታደርጉት ወረቀት ሲገኝ ብቻ ነው።

ባለቤትና የሚያበረው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አውሮፕላን እንደ ቤት ይከራያል፤ አንዳንዴ ባዶውን፣ አንዳንዴ ከነአብራሪውና ከነጥገናው። አካሉ ላይ በትልቁ የተጻፈው የድርጅት ስም የሚያበረውን ይናገራል እንጂ ባለንብረቱን አይናገርም። ለዚህ ነው ሁለት ዓምድ የለየነው። ቀኖቹም ሦስት ናቸው፤ የተሸጠበት፣ የተረከቡበት፣ የተመዘገበበት። በመካከላቸው ወራት ሊያልፉ ይችላሉና የትኛው እንደሆነ ሳትጽፉ ቀን ብቻ አታስቀምጡ።

የዚህ ዓይነት አውሮፕላን የተለመደ ጉዞ እንዲህ ነው። ጦር፣ ከዚያ ትርፍ ዕቃ ሆኖ ሽያጭ፣ ከዚያ አየር መንገድ በመንገደኛ ማመላለስ፣ አዲስ አውሮፕላን ሲመጣ ወደ ጭነትና ወደ ገጠር ሜዳ፣ ከዚያ ለውጭ ገዢ ወይም ለአየር ኃይል፣ በመጨረሻ መለዋወጫ፣ ቁርጥራጭ ወይም ሙዚየም። ካርዳችሁ ላይ በሁለት ዘመን መካከል ባዶ ከቀረ በዚህ ቅደም ተከተል አትሙሉት። የጠፋው ዓመት የቆመበት፣ የተከራየበት ወይም ጥገና ላይ የነበረበት ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ የት አለ? ለጦር ዘመኑ የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ምርምር ማዕከል፣ አላባማ ማክስዌል ላይ፣ በጦር ቁጥር የሚፈለግ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ካርድ ይዟል። ኤን የሚል ምልክት ከነበረው ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የአሜሪካ ሲቪል አቪየሽን መዝገብ የሽያጭ ውሎቹን ጨምሮ ፋይሉን በጥቂት ክፍያ ይሰጣል። በአገር ውስጥ የሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣንን በደብዳቤ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ምልክቱን፣ የፋብሪካ ቁጥሩንና የዘመኑን ወሰን ይዞ ከሄደ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። «ስለ ድሮ አውሮፕላኖች መረጃ እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ምረቃና የባለሥልጣናት ጉዞ ዜና ከነፎቶው ፈልጉ።

አንዳንድ ዝውውር ሽያጭ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችውን «ፀሐይ»ን ውሰዱ፤ በልዕልት ፀሐይ የተሰየመችው፣ በአገራችን የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን። ጣሊያን ወስዷት በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ታየች፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በካርዷ ላይ የመሐሉን መስመር «ባለቤት፦ ጣሊያን» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። «በጦርነት የተወሰደ፤ የያዘው፦ ጣሊያን» ተብሎ ይጻፍ። የተማረከ፣ የተወረሰ፣ የተሸጠ፣ በስጦታ የተሰጠ፤ እያንዳንዱ በስሙ ይጠራ። ቃሉ ሲምታታ መብቱም አብሮ ይምታታል።

ካርዱ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ፎቶውን ላወጣው ቤተሰብ፣ አንዱ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በእናንተ እጅ። በፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። በለስላሳ እርሳስ፣ በጠርዙ በኩል፣ ሳትጫኑ የካርዱን ቁጥር ብቻ አኑሩ።